በክትባቱ ወረቀት ላይ የሌለው ቁጥር

በየዓመቱ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መግለጫ ላይ አንድ ቁጥር ሁልጊዜ አለ፦ በመደበኛው ክትባት ለእያንዳንዱ ዝርያ 15 ማይክሮግራም ሄማግሉቲኒን። ይህ ቫይረሱ ከሴል ጋር የሚጣበቅበት ፕሮቲን ነው። የሁለተኛው የላይ ፕሮቲን፣ የኒውራሚኒዴዝ፣ መጠን ግን አይጻፍም፤ አምራቹ በየምርቱ ይህን ያህል ይኑር የሚል ግዴታም የለበትም። አሜሪካዊው የቫይረስ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ኤድዊን ኪልቦርን እ.ኤ.አ. በ2011 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ ይህ ክፍተት ነበር፤ ዛሬም አለ። መዘጋት አለበት ባይ ነኝ።

ኪልቦርን በይበልጥ የሚታወቁት በሌላ ሥራቸው ነው። ከሕመምተኛ የተወሰደ አዲስ ቫይረስ እንቁላል ውስጥ ብዙ ጊዜ በደንብ አይራባም፤ ምርቱ ካነሰ ደግሞ ለሚሊዮኖች የሚበቃ ክትባት አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1934 በፖርቶ ሪኮ የተገኘው ፒአር8 የተባለው ዝርያ በአንጻሩ በእንቁላል ውስጥ እጅግ ይራባል። የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዘረመል በ8 ቁራጮች የተከፈለ ስለሆነ ሁለት ቫይረሶች አንድ ሴል ውስጥ ሲገናኙ ቁራጮቻቸው ይቀላቀላሉ፤ 256 ዓይነት ጥምረት ሊወጣ ይችላል። ኪልቦርን ሁለቱን አንድ እንቁላል ውስጥ አዳቀሉ፤ ከዚያ የፒአር8ን የላይ ፕሮቲኖች የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ጨምረው እነዚያን ፕሮቲኖች የያዙትን አጣሩ። የቀረው የአዲሱን ቫይረስ ሁለት የላይ ፕሮቲኖችና የፒአር8ን የመራባት ኃይል የያዘ ነው። በእንቁላል የሚመረተው ክትባት እስከ ዛሬ በዚሁ መንገድ በተዳቀሉ ቫይረሶች ላይ የቆመ ነው።

የላይ ፕሮቲኖቹ ሁለት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ምርቱ ሲጀመር ከ10 እስከ 11 ቀን ጽንስ የያዘ እንቁላል ይወጋል፤ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ላይ ለ2 ወይም 3 ቀን ይቆያል። ፈሳሹ ከመቀዳቱ በፊት እንቁላሉ በ4 ዲግሪ ያድራል፤ ካልቀዘቀዘ ደም ይፈስና ቫይረሱ ከቀይ የደም ሴሎች ጋር ተጣብቆ ይባክናል። ከዚያ በስኳር ውሁድ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ተሽከርክሮ ይጣራል፣ በፎርማሊን ወይም በሌላ ኬሚካል ይገደላል፣ ቅባት በሚያሟሟ ኬሚካል ይበተናል። ኒውራሚኒዴዝ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አራት አካላት ተጣምረው የሚሠሩት ፕሮቲን በመሆኑ ጥምረቱ ከተፈታ ዋጋው ይወርዳል። ሄማግሉቲኒን ቢጎዳ መጨረሻ ላይ ሲለካ ይታያል፤ የዚህኛው ጉዳት ግን ማንም ሳያየው ያልፋል። እኩል 15 ማይክሮግራም የተጻፈባቸው ሁለት ክትባቶች በኒውራሚኒዴዝ በእጅጉ ሊለያዩ ይችላሉ።

ለምን ያሳስበናል? ፀረ ሄማግሉቲኒን ቫይረሱን ከመግባት ያግደዋል። ፀረ ኒውራሚኒዴዝ መግባቱን አይከለክልም፤ አዲስ የተወለዱት ቫይረሶች ግን ከሴሉ መላቀቅ አቅቷቸው እዚያው ይቀራሉ፣ ሕመሙም ይቀልላል። ታሚፍሉ የተባለው መድኃኒት የሚሠራውም በዚሁ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሆንግ ኮንግ ወረርሽኝ ሄማግሉቲኒኑ ተለወጠ፣ ኒውራሚኒዴዙ ግን ከ1957ቱ ወረርሽኝ የመጣው፣ ኤን2 የተባለው ዓይነት ነበር፤ ለእርሱ ፀረ እንግዳ አካል የነበራቸው ሰዎች የተሻለ ተከላክለዋል። ኪልቦርን ይህን ለመፈተን የፈረስ ቫይረስ ሄማግሉቲኒንን ከሰው ኤን2 ጋር አዳቀሉ። ሰው የፈረሱን ፕሮቲን ስለማያውቀው የሰውነት የቆየ የመከላከል ትውስታ ኤን2ን አይጋርደውም። በመደበኛው ክትባት ግን የሰውነታችን ትኩረት ወደሚያውቀው ሄማግሉቲኒን ያደላል፤ ስለዚህ መጠን መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

የኪልቦርን ስም ሲነሳ የ1976ቱም ጉዳይ መነሳቱ አይቀርም። ፎርት ዲክስ በተባለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አንድ ወታደር ሞተ፤ ቫይረሱ እኛ የኅዳር በሽታ ከምንለው ከ1918ቱ ጋር የሚዛመድ መስሎ ታየ። ኪልቦርን ሰፊ ክትባት እንዲሰጥ ከደገፉት አንዱ ነበሩ። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ፣ ወረርሽኙ አልመጣም፣ ከ100,000 ተከታቢ ወደ 1 ገደማ ተጨማሪ ሰው ላይ ጊላን ባሬ የተባለ የነርቭ ሕመም ታየ፤ ዘመቻው በታኅሣሥ ወር ቆመ። ያ ከባድ ውሳኔ ነበር፣ ሊመረመርም ይገባዋል፤ ስለ ኒውራሚኒዴዝ ያቀረቡትን ማስረጃ ግን አይሽርም።

ብርቱው ተቃውሞ ሌላ ነው። ፍሉብሎክ የተባለው ክትባት ኒውራሚኒዴዝ ፈጽሞ የለውም፤ ለእያንዳንዱ ዝርያ 45 ማይክሮግራም ሄማግሉቲኒን ብቻ ይዞ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ከመደበኛው በልጧል። ይህ የሚያሳየው ሦስት እጥፍ ሄማግሉቲኒን እንደሚጠቅም ነው፤ ሁለተኛው ፕሮቲን ቢጨመርበት ምን እንደሚሆን አይነግረንም።

መለኪያው አለ። ኒውራሚኒዴዝን ይዘው መጠኑን የሚያሳዩ ፀረ እንግዳ አካላት አሉ፤ የተከታቢው ደም የዚህን ፕሮቲን ሥራ ምን ያህል እንደሚያግድም በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በቀለም ይነበባል። አስቸጋሪው፣ ዝርያው በተለወጠ ቁጥር አዲስ ማመሳከሪያ ማዘጋጀቱ ነው፤ ለሄማግሉቲኒን ግን ይኸው ሥራ ዝርያ በተቀየረ ቁጥር ይሠራል። ተቆጣጣሪዎች ገና ከጅምሩ ዝቅተኛ መጠን እንዲወስኑ አልጠይቅም። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት አምራቾች ከማምረቻው ሲወጣና የአገልግሎት ጊዜው ሲያበቃ ያለውን የኒውራሚኒዴዝ መጠን ለክተው፣ ከ15ቱ ማይክሮግራም ጎን ይጻፉት።