ልምምድ ብቻውን ባለሙያ አያደርግም
ስለ ሕዝብ ግንኙነት ተማሪዎች የወጣው ጽሑፍ «ተማሪው ለተግባር ልምምድ ከወጣ ሙያውን ይለምዳል» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ደሴ ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ነኝ፤ ለልምምድ የሚመጡትን ልጆች በቅርብ አያቸዋለሁ። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው ሰው ከሌለ ስብሰባ ላይ ፎቶ ሲያነሱና ደብዳቤ ሲያመላልሱ ጊዜያቸው ያልቃል። ባለፈው አንዷ ተማሪ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ ጽፋ አመጣችልኝ። የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች የኃላፊዎች ስምና ማዕረግ ናቸው። ውሃው የት ሰፈር፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጠፋ የተጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። «ሸዋ በር ያለችው እናት ጀሪካኗን መቼ ትሙላ?» ብዬ ጠየቅኳት። ወዲያው ገባት፤ ከታች የነበረውን ወደ ላይ አውጥታ ራሷ አስተካከለችው። ቀጥሎ ያመጣችው ጽሑፍ ብዙም እርማት አልፈለገም። በጽሑፉ ላይ በሰጠኸው አስተያየት «የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ለመሆኑ ማን አሳያቸውና ነው? የመረጃ ነፃነት አዋጁ (ቁጥር 590/2000) የመረጃ ጥያቄ የቀረበለት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ሳይሰሙ የሚመረቁ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ያሳዝናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ቢሆን ቁልቁል ወርዶ ነው፤ ከሠራተኛና ከአካባቢው ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ለመማር ከፋብሪካ የተሻለ ቦታ የለም። ኮምቦልቻ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ በዚህ ሴሚስተር እያንዳንዳችሁ አንድ ተማሪ ያዙ። የጻፉትን አንብቡላቸው፣ መግለጫ ሲሰጥም ይዛችኋቸው ግቡ።