ቦዬ ከችግኝ በፊት ውሃው ይመለስለት

ክረምት በመጣ ቁጥር የጅማን ጨፌ፣ ቦዬን፣ እናድን የሚል ሁሉ ዶማና ችግኝ ይዞ ይወጣል። ጨፌ ስንል የክልሉን ምክር ቤት ማለታችን አይደለም፤ ቄጠማ የሚታጨድበትን እርጥብ ሜዳ ነው። ችግኙ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በጋው ሲገባ መሬቱ ይሰነጠቃል። የጎደለው ውሃ ነው፤ ውሃው ሳይመለስ የሚተከለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ይህን ስሕተት ባሕር ያላቸውም ሠርተውታል። በአሜሪካ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ኦይስተር የሚባል፣ ድንጋይ የመሰለ ዛጎል ያለው እንስሳ አለ። ልጆቹ በቀደሙት ዛጎል ላይ እየተጣበቁ ክምር ይሠራሉ፤ ክምሩ ለዓሣና ለሸርጣን መጠለያ ይሆናል፣ ማዕበል ያበርዳል። አንድ ትልቅ ኦይስተር ሁኔታው ከተመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጠራል። ሰው ግን እንስሳውን በልቶ ዛጎሉን ለኖራና ለመንገድ አዋለው፤ ብዛቱም ወደ ቀድሞው 1 በመቶ ግድም ወረደ።

እንደገና ለማራባት ሲሞከር ዋናው እንቅፋት ወለሉ ሆነ። የኦይስተር እጭ ሁለት ሦስት ሳምንት ከተንሳፈፈ በኋላ ጠንካራና ንጹሕ ነገር ላይ ካልተጣበቀ ጭቃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ዛሬ ዛጎል ከምግብ ቤት ይሰበሰባል፣ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ለወራት ይደርቃል፣ ይታጠባል፣ እጮቹ በገንዳ ውስጥ ከተጣበቁበት በኋላ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከፍታውም ወሳኝ ነው፦ በአንድ ወንዝ ላይ ከ25 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው የተሠሩ ክምሮች፣ ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከነበራቸው አራት እጥፍ ያህል ኦይስተር ይዘው ተገኝተዋል። ዝቅ ያሉትን ደለል ቀበራቸው።

የቦዬም ነገር ይኸው ነው። የአዌቱ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ወደዚያ ይወርዳል፤ ጨፌው ደለሉን ያስቀራል፣ የቆሻሻውን ጉልበት ይሰብራል፣ ከዚያ ውሃው ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይቀጥላል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ፤ ከእሱ የሚወጣው ውሃ ደግሞ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሄዶ የጊቤ ሁለትን የኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። ጨፌው ያላስቀረው ደለል ወደ ግድቡ ይሄዳል።

ሥራው የሚጀመረው ከማጠንፈፊያ ቦዮቹ ነው። ለበቆሎና ለአትክልት ተብለው የተቆፈሩት ቦዮች ካልተዘጉ ጨፌው እንደ ተቀደደ አቁማዳ ነው። ቦዩን የሚዘጋው ክትር ከዚያው ከጨፌው ሸክላ አፈር፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ውሃው ሳይበዛ ይሠራል። አፈሩ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር ይረገጣል፤ ክትሩ ግራና ቀኝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ዳርቻው ይገባል፤ ሲሰክን ስለሚወርድ ከዳርቻው 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ይፈጥናል፣ ግን ውሃው በጎኑ ሾልኮ ይበላዋል። ከላይ ወደ ታች ይሠራ፤ ከታች ከተጀመረ የመጀመሪያው ጎርፍ ጉልበቱን ሁሉ በአንዱ ክትር ላይ ያሳርፋል። መሬቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ክትር በቂ ነው።

ቀጥሎ ጨፌው ውስጥ የተተከለው ባሕር ዛፍ ይነሣል፤ ባለቤቱም ካሣ ይገባዋል። ቆርጦ መተው መግረዝ እንጂ ማጥፋት አይደለም፤ ጉቶው አጎንቁሎ በእጥፍ ይመለሳል። ቅርፊቱ እስከ ሥሩ ድረስ ተልጦ፣ ቡቃያው ባበቀለ ቁጥር መሰበር አለበት፤ ይህም ከአንድ ዓመት በላይ ክትትል ይጠይቃል።

ቄጠማና ፊላ ውሃው ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ይበቅላሉ። ባዶ ቀርቶ የሚታይ ቦታ ካለ፣ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ያለው ሥር ከጎረቤት ጨፌ ተነቅሎ በግማሽ ሜትር ርቀት ይተከላል። የቀንበጡ ጫፍ ከውሃው በላይ መውጣት አለበት፤ ሥሩ አየር የሚያገኘው በግንዱ በኩል ስለሆነ ከሰጠመ ይበሰብሳል። የመጀመሪያውን ዓመት ከብት አይግባ፣ ሣሩ ታጭዶ ይውጣ። ማጨዱ በኋላም ይቀጥል፤ ተክሉ የመጠጠው ንጥረ ነገር እዚያው ከበሰበሰ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ወባ ይመጣል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፣ ጣቱ የሚቀሰረው ግን ወደተሳሳተ ቦታ ነው። በአካባቢያችን ዋናዋ የወባ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ ኩሬ ነው፦ የጡብ ጭቃ የወጣበትን ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴን። በጥቅጥቅ ቄጠማ ሥር ብዙም አትመቻትም። ስለዚህ የጡብ ጉድጓዶቹ ይደፈኑ፤ ለጡብ ሠሪዎቹ ግን መጀመሪያ ሌላ የአፈር ቦታ ይሰጣቸው፣ አለዚያ ማታ ማታ ይቆፍራሉ።

ጨፌው ሁሉን ይችላል ብሎ ማሰብም ሌላ ስሕተት ነው። ያልተጣራ የሽንት ቤት ዝቃጭ ከተደፋበት፣ ወይም በሌሎች ወረዳዎች እንደሚታየው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ከተለቀቀበት ጨፌው አይችለውም፤ የቡናው ስኳር ሲብላላ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ኦይስተርም ቢሆን እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ አይኖርም። ፍሳሹ ከምንጩ በገንዳ ይያዝ፤ አዌቱ ወደ ጨፌው በሚገባበት አፍ ላይም ፕላስቲክና አሸዋ የሚቀርበት፣ በየዓመቱ የሚጠረግ ኩሬ ይቆፈር።

ችግኝ መቁጠር ለሚወዱ ኃላፊዎች የሚቆጠር ሌላ ነገር አለ። ጎኑ የተበሳሳ 1 ሜትር ተኩል የፕላስቲክ ቱቦ ጨፌው ውስጥ ይቀበራል፤ በየሳምንቱ ውሃው ከመሬት ወለል ስንት ሳንቲ ሜትር እንደራቀ በሜትር ይለካል። በጥር ወር ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ አንድም ሥር አይተከል፤ ያልተዘጋ ቦይ አለና እሱ ይፈለግ።