እርማት፦ መያዣ ዕዳ አይከፍልም

«ቤቱን አስይዟል፤ ባንኩን ምን አስጨነቀው?» የሚለው ብዙዎች የሚደጋግሙት ስህተት ነው። ብድር የሚመለሰው ከተበዳሪው ገቢ ነው፤ መያዣ ገቢው ሲነጥፍ የሚሞከር ሁለተኛ መውጫ ነው። ቀሪው ዕዳ 900,000 ሆኖ ቤቱ በሐራጅ 800,000 ቢሸጥ፣ የሐራጁና የፍርድ ቤቱ ወጪ ከዚያው ላይ ይቀነሳል፤ ወለዱም እስከዚያ ሲቆጥር ሰንብቷል። ጉድለቱ በብዙ አገሮች ሕግ ተመልሶ ተበዳሪው ላይ ያርፋል። ቤቱም ሄደ፣ ዕዳውም ቀረ! ብልህ አበዳሪ ከቤቱ ግምት በፊት የገቢና ወጪ መዝገብ የሚያገላብጠው ለዚህ ነው። በዓለም አቀፉ የባዝል የባንክ ደንብ ክፍያው ከ90 ቀናት በላይ የዘገየ ብድር፣ መያዣው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ክፍያው እንደተቋረጠ ይቆጠራል። ገቢው የሳሳበት ተበዳሪም ስልኩን ከሚዘጋ የመጀመሪያው ክፍያ ሳያልፈው ቀርቦ የጊዜ ማራዘሚያ ቢጠይቅ ይሻለዋል።