ሳማ ለቀማ በ1,200 ብር

ልጅ ሆኜ ሳማ ሲባል የማውቀው አንድ ጥቅም ብቻ ነበረው፤ መግረፊያ። እናቴ "ሳማውን አመጣለሁ!" ካለች ስኳሩን ማን እንደላሰው ወዲያው ይታወቃል። ታዲያ ባለፈው ግንቦት ጓደኛዬ ደውሎ "ቅዳሜ እንጦጦ ሄደን ሳማ እንለቅማለን፣ በሰው 1,200 ብር ነው" ሲለኝ የሚከፈለን መስሎኝ ነበር። ለካ እኛ ነን ከፋዮቹ። ሳማ መልቀም፣ እንጆሪ ከተገኘ መቅመስ፣ ከዚያ ቡና። ትራንስፖርት በራስ።

ስምንት ሆነን ሄድን። መኪና ውስጥ ክርክር ተነሳ። ማስታወቂያው "የጸደይ ለቀማ" ይላል፤ አንዷ ጓደኛችን "ጸደይ እኮ መስከረም ነው፣ አደይ አበባው የታለ?" ብላ እንደተጭበረበረ ሰው ተቆጣች። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ መስከረም 26 የሚገባው መፀው ነው አልኳት። ማንም አልሰማኝም። በየእንቁጣጣሹ "መልካም ጸደይ" እያለ ፎቶ ሲለጥፍ የኖረ ሰው በአንድ ቅዳሜ አይመለስም።

እንጦጦ ስንደርስ አስጎብኚያችን ስለ አገር በቀል እፅዋት ረጅም ንግግር አደረገ። ቆመን የምናዳምጠው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን የሚናገር ዛፍ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰና "የአገሬ ሽታ!" አለ። ዝም አልኩ፣ ገና ጠዋት ነው።

ሳማ ሰው የኖረበትን ቦታ ይወዳል። እኛም ጫካ ለጫካ ስንዞር ቆይተን በመጨረሻ ያገኘነው አንድ አሮጌ የድንጋይ አጥር ሥር ነው። እንዲህ ያለው ከሰፈሬ ጀርባም ሞልቷል፣ ያውም በነፃ። አስጎብኚው "ይህ የምታዩት የሳማ ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም" አለን። እውነቱን ነው። ግን ይህን መናገር አልነበረበትም፤ እስካሁን ፈርቶ ራቅ ብሎ የቆመው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ተጋፋ፣ አንዱም ፎቶ ላይ ጓንት አያምርም ብሎ አወለቀና በባዶ እጁ ጨበጠው። ጩኸቱ እንጦጦ ማርያም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

በዚህ መሃል እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ከነሱ ይበልጣል። አንዷ ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ያዩን ጀመር። ጥቁር መነጽር ያደረግን ስምንት ጎልማሶች፣ አጎንብሰን፣ የወረቀት ቦርሳ ይዘን።

"ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?"

"ሳማ እየለቀምን ነው እማማ።"

"ለምን?"

"ልንበላው።"

እማማ ዝም አሉ። ከዚያ በጣም በቀስታ "እግዚኦ፣ እንዲህ ደረሰባችሁ?" አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ቆሎ አወጡ። ተቀበልን፣ ምን እናድርግ? ጓደኛዬ ክብራችንን ሊያስመልስ "ኧረ እማማ፣ ከፍለን ነው የመጣነው!" አላቸው። "ለማን?" አሉ። ሁላችንም አስጎብኚውን አየነው። አስጎብኚው ባሕር ዛፉን አየ። እማማ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ቱልት ቀጥፈው የዚያን የተለበለበ ልጅ እጅ አሹለትና ሸክማቸውን አንስተው ሄዱ። ከጉዞው ሁሉ አንድ የረባ እውቀት ያገኘነው በዚያች ደቂቃ ነው፣ እሱም ያለ ክፍያ።

ድርሻዬን በፌስታል ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ገልጣ አየችው። ተነስታ በሩን ዘጋች።

"ማን አየህ?"

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። ክረምት ላይ ጎተራው ተሟጦ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ እያለ ቤተሰቡን ያሻገረው ሳማ ነው፤ ሳማ የበላ ቤት ግን ሳማ በላሁ ብሎ አያወራም። እኔም ይህን የሰማሁት በዚያ ቀን ነው፣ በዚህ እድሜዬ፣ 1,200 ብር ከፍዬ። ኩርፊያዋ ግን ብዙ አልቆየም። በከሰል መቆንጠጫ አንድ በአንድ እያነሳች አጠበችው፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሙቀት ሲነካው መለብለቡን ይተዋል። እስኪላቁጥ አማሰለችው፣ የገብስ ዱቄት ነሰነሰችበት፣ ጨውና ቃሪያ። የምግብ አሠራር ከስልክ የሚያነብ ሰው እጁ እንዲህ አይፈጥንም።

ልንቆርስ ስንል በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ ሽታ የሚያመልጣቸው ሰው አይደሉም።

"ምን ሠርታችሁ ነው?"

"ጎመን" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

እትዬ ተቀመጡ። አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ። ረጅም ጊዜ አላመጡ።

"ጥሩ ጎመን ነው" አሉ በመጨረሻ። "እኛም ላስታ እያለን ይሄን ጎመን በመቆንጠጫ ነበር የምንቆርጠው።"

እናቴ ምንም አላለችም። አንድ ጭልፋ ጨመረችላቸው።