የእህትማማቾች ባንድና የእናት መንግሥት

ሃዋይ ውስጥ ሦስት ሴት ልጅ የወለደ ሰው ሳያስበው ባንድ አቋቁሟል። ልጆቹ ጥርስ ሳያበቅሉ ጎረቤቱ «መቼ ነው የምንሰማቸው?» ማለት ይጀምራል። ድምፅ አላቸው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሥራ ክፍፍሉም ስብሰባ አያስፈልገውም። ትልቋ ጊታር ትይዛለች። መካከለኛዋ ኡኩሌሌ የምትባለው ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ ትደርሳታለች። ትንሿ የተረፈ መሣሪያ ስለሌለ ሁላ የሚባለውን የሃዋይ ጭፈራ ትጨፍራለች። ከዚያ ጭብጨባውን ጠቅልላ ትወስዳለች፤ እህቶቿም ይህን ዕድሜ ልካቸውን አይረሱላትም። ሦስቱም የሚለብሱት ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ሙኡሙኡ ነው። ሙኡሙኡ ሰፊና ረጅም ቀሚስ ነው፤ ልጅቷ አደገች፣ ወፈረች፣ ግድ የለውም። እናቶች ቢወዱት አይገርምም።

ወደ መድረክ ከመውጣት በፊት ፍተሻ አለ። በልማዱ ያላገባች ሴት አበባ የምትሰካው በቀኝ ጆሮዋ በኩል ነው። በግራ ከሆነ ባለቤት አላት ማለት ነው። የ9 ዓመቷ ልጅ በግራ ሰክታ ብቅ ካለች እናት «አንቺ ደግሞ መቼ ነው የተዳርሽው?» ብላ አበባውን ታዛውረዋለች።

የእህትማማች ድምፅ ሲገጥም ልዩ ነው ይባላል። አንድ ደም፣ አንድ ጉሮሮ እያሉ ያብራሩታል። እኔ ግን ምክንያቱ መስታወቱ ይመስለኛል። በአንድ መኝታ ቤት፣ በአንድ መስታወት ስትጣላ ያደገች ልጅ እህቷ መቼ እንደምትተነፍስ ጠንቅቃ ታውቃለች። መድረክ ላይ ፈገግ ብለው ሲተያዩ ፍቅር እንዳይመስላችሁ። «ፈጠንሽ! ጀመርሽ ደግሞ!» እየተባባሉ ነው።

ይሄ ፉክክር ከላይ የመጣ ነው፤ ከቤተ መንግሥት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካላካዋ፣ እህቶቹ ሊሊኡኦካላኒና ሊኬሊኬ፣ ወንድማቸው ሌሌዮሆኩ፣ አራቱም ዜማ ደራሲዎች ነበሩ። አንድ ላይ ቢዘፍኑ ምን ነበረበት? እነሱ ግን የየራሳቸውን የዘፋኝ ቡድን ይዘው ይወዳደሩ ነበር። ከወንድሟ በኋላ የነገሠችው ሊሊኡኦካላኒ በ1893 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ዙፋኗን ተነጠቀች፤ በ1895 ደግሞ በገዛ ቤተ መንግሥቷ ታሰረች። ወረቀትና እርሳስ ግን አልከለከሏትም። መስመሩን በእጇ እያሰመረች ዜማ ጻፈችበት። ሦስቱም ተፎካካሪዎቿ ያኔ በሕይወት አልነበሩም። እሷ ግን ወይ ፍንክች!

ማዊ ደሴት ላይ ላሃይና ከተማ ይኖሩ የነበሩት ፋርደኖች ደግሞ 12 ልጆች ነበሯቸው። 12! ይሄ ባንድ አይደለም፣ ሰበካ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ኢርምጋርድ በ1937 ፑአማና ስለሚባለው ቤታቸው ዘፈን ሠራች፤ የሃዋይኛውን ግጥም አባቷ አገዟት። በኋላ ከሴት ልጆቿና ከዘመዶቿ ጋር ቡድን መሠረተች፤ ስሙንም ፑአማና አለችው። ቤቱ ዘፈን ወለደ፣ ዘፈኑ ባንድ ወለደ።

ጊታሩም የራሱ ጉድ አለው። በ1830ዎቹ አካባቢ ከሜክሲኮ የመጡ ከብት ጠባቂዎች ናቸው ጊታር ያስለመዱት። የሃዋይ ሰው ክሮቹን አላልቶ የራሱን ቅኝት አወጣለት፤ ኪ ሆአሉ ይሉታል። ቅኝቱ ግን ለማንም አይነገርም ነበር። እኛ ቤት የበርበሬ ቅመም ከምራት እንደሚደበቀው፣ እዚያም ቅኝት በቤተሰብ ይደበቅ ነበር። ባዕድ ሰው ጠጋ ሲል ክሩን ፈታ፣ ጊታሩን አስቀመጥ፣ ስለ አየር ጠባይ ማውራት።

ፊት ወንበር ላይ ደግሞ «ይሄ ባህላዊ አይደለም» የሚል አጎት አይጠፋም። አጎቴ፣ ይሄ የሚንሰፈሰፉለት ኡኩሌሌ እኮ የፖርቱጋል ማዴይራ ሰዎች በ1879 በመርከብ ይዘውት ከመጡት ትንሽ ጊታር የተወለደ ነው። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ግን አይመልሱለትም፤ እዚያ አገር በዕድሜ የገፋ ሁሉ «አንክል» (አጎት) እና «አንቲ» (አክስት) ነው፣ አንክል ደግሞ አይሳሳትም።

እኔን የሚያስቀኝ ግጥሙ ነው። ሃዋዮችም ሰምና ወርቅ አላቸው፤ ካኦና ይባላል። ላይ ላዩን ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉም፣ ስለ አበባ ነው። ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ማን ከማን ጋር የት እንደተገናኘ ነው። የ9 ዓመቷ ልጅ መልአክ በሚመስል ፊቷ «ጤዛው አበባዋን አራሳት» ብላ ትዘፍናለች። ፊት የተቀመጡት አንቲዎች አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የገባው ገባው። ያልገባው ቱሪስት ዓይኑ እንባ አቅርሮ እናትየዋ ዘንድ ይሄዳል።

«እንዴት ያለ ንጹሕ የልጆች መዝሙር ነው! ልጄ ክርስትና ስትነሳ ይዘፍኑልኛል?»

እናትየዋ ዋጋውን ነገረችው።