ባጃጅ ውስጥ ጃንጥላ የሚያስዘረጋን ሸራው አይደለም

ሐምሌ ገባ፤ ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ውስጥ ጃንጥላ መዘርጋት ተጀመረ። ከጊሽ ዓባይ ዓባይ ማዶ እስኪደረስ የኋላው ሰው ሁሉ ወደ መሐል ይጠጋጋል። ዳር የተቀመጠው ትከሻው ርሷል፣ መሐል ያለው አናቱ ላይ ጠብ ጠብ ይልበታል፣ ሾፌሩ ጉልበቱን በፌስታል ሸፍኗል። «ምን ይደረግ፣ ዘንድሮ የሚመጣው ሸራ ፎርጅድ ነው» ይላል አንዱ፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ሒሳብ ተከፍሎ ይወረዳል። በዓመቱ ያው ወሬ።

ኧረ በሕግ! ሸራው ምን አደረገ? እስቲ ቀና ብላችሁ እዩት። ውኃው የሚንጠባጠበው ከጨርቁ መሐል ነው ወይስ ከስፌቱ መስመር? አብዛኛውን ጊዜ ከስፌቱ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ ዩኒቨርሲቲዋ ጨርቃ ጨርቅ የሚያስተምር ከተማ ውስጥ አራት ሜትር ሸራ ውኃ እንዳያስገባ አድርጎ መስፋት እንዴት ብርቅ ይሆናል?

ነገሩ የሚጀምረው ሸራ የሚሰፋልን ባለሙያ የጥጡን ሸራ ልማድ ወደ ፕላስቲኩ ይዞ ሲመጣ ነው። የጥጥ ሸራ ውኃ ሲነካው ክሩ ያብጣል፤ ሲያብጥ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ለዚህ ነው የድሮ ድንኳን መጀመሪያ ላይ ትንሽ አንጠባጥቦ በኋላ ቀጥ የሚለው። «አይዞህ፣ ሁለት ዝናብ ሲመታው ይጠብቃል» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው፤ ለጥጥ እውነት ነበር። ዛሬ ባጃጅ የሚለብሰው ግን ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ የተቀባ ፖሊስተር፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። እሱ አያብጥም። መርፌ የበሳው ቀዳዳ ሁለት ዝናብ አይደለም ሁለት ክረምት ቢመታው ቀዳዳ ነው።

ከዚያ ክሩ። እዚህ ላይ ነው ደም የሚያፈላው። ከጠቅላላው ወጪ ርካሹ ክር ሆኖ ሳለ የሚቆጠበው እሱ ላይ ነው! የልብስ ክር፣ ያውም ጥጥ ያለበት፣ ሸራ ላይ ይገባል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያ ፀሐይ የሚያርፈው ክሩ ላይ ነው። ክሩ የሚሞተው በበጋ፣ ሞቱ የሚታወቀው በሐምሌ ነው። ከዚያ ዝናቡ ይሰደባል። ጥጥ ያለበት ክር ደግሞ ሳይበጠስም ጥፋት ይሠራል፦ ውኃውን እየመጠጠ በቀዳዳው አሳልፎ ወደ ውስጥ ያንጠባጥበዋል። ናይለን ጠንካራ ነው ይባላል፤ ግን ሲርስ ይለጠጣል፣ ፀሐይም ቶሎ ያደክመዋል። የሚያስፈልገው ወፍራም የፖሊስተር ክር ነው። ከጥጡ ለመለየት ክብሪት ይበቃል፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። ሰፊው ፊት ለኮስ አድርጉት፤ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

መርፌውን ጠይቁ። ወንበር የሚያለብሱ ቤቶች የቆዳ መርፌ ማሽኑ ላይ እንደተሰካ ሸራ ይሰፉበታል። የቆዳ መርፌ ጫፉ ምላጭ ነው፤ ክሮቹን ገፋ አድርጎ አያልፍም፣ ይቆርጣቸዋል። ክብ ጫፍ ያለው 18 ቁጥር መርፌ ይበቃል። «ጠንከር እንዲል» ተብሎ ስፌቱን ማጠጋጋት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በፒቪሲ ላይ የተጠጋጋ ስፌት ሸራውን እንደ ደረሰኝ ወረቀት በሳስቶ ለመቀደድ ያዘጋጀዋል፤ አንድ የጣና ንፋስ ሲጎትተው ስፌቱ ሳይፈታ ጨርቁ ራሱ በመስመሩ ይቀደዳል። አንዱ ስፌት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይርዘም፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ20 እስከ 25 ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ጥንካሬ አይደለም፣ ጥፋት ነው። ማሽኑ እግር ላይ ፕላስቲኩ እየተጣበቀ ስፌቱን ያጠጋጋዋል የሚል ሰበብ አለ፤ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ሳሙና ውኃ መስመሩ ላይ መቀባት ይፈታዋል። ማድረቅ አትርሱ እንጂ።

አሁን ደግሞ በጣሪያው መሐል የሚያልፈውን ስፌት አስረዱኝ። የባጃጅ ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው። የሸራው ጥቅል 1.5 ሜትር ስፋት አለው። ጣሪያው አንድ ወጥ ሆኖ ከፊት እስከ ኋላ መውረድ ሲችል፣ ቁራጭ ለማትረፍ ሲባል መሐሉ ላይ ይቀጠላል፤ ያውም ውኃ በሚተኛበት ቦታ! ስፌት የሚገባው ወደ ጎን በሚወርደው ላይ ነው። መደራረቡ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሁለት መስመር ስፌት፣ በመካከላቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል። የላይኛው ጨርቅ ከንፈር ደግሞ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ይመልከት። ወደ ፊት ካየ ባጃጁ በሮጠ ቁጥር ውኃውን እየሰበሰበ ያስገባል። ሾፌሩን ጉልበቱ ላይ የሚያበሰብሰውም ተመሳሳይ ስስት ነው፦ ከመስታወቱ በላይ ያለው ጠርዝ ብረቱ ጫፍ ላይ ያልቃል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ታጥፎ ቢወርድ ኖሮ ፌስታሉ ባላስፈለገ።

ለልኬትማ ምን ይባላል። አሮጌውን ሸራ ይገነጥሉና መሬት ላይ ዘርግተው አዲሱን በእሱ ላይ ይቆርጣሉ። አሮጌው ዓመታት ተወጥሮ ረግቧል፤ በእሱ ልክ የተቆረጠ አዲስ ሸራ ረግቦ ይወለዳል። ልክ የሚወሰደው ከብረቱ ላይ ነው፦ ስስ ላስቲክ ጣሪያውን በተሸከሙት ጎባጣ ብረቶች፣ በቀስቶቹ ላይ ወጥሮ፣ በፕላስተር ይዞ፣ የመሐሉን መስመርና የእያንዳንዱን ቀስት ቦታ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጎ፣ ዙሪያውን 4 ሴንቲ ሜትር ለእጥፋት ትቶ መቁረጥ። ይህ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ሰፊው ደግሞ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ብረቱን ማንም አያየውም። ሸራው ሲነሳ ቱቦላሬው (የብረት ቱቦው) ዝጎ፣ ብየዳው እንደ ምስማር ፈጦ ይታያል፤ አዲሱ ሸራ እላዩ ላይ ይጣልበታል። በወሩ ያችው የብየዳ ጫፍ ላይ ይበሳል፤ «ሸራው ቀሽም ነው» ይባላል። የፈጠጠውን ብየዳ በመሞረጃ (ሞላ) ማለስለስ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) መቀባት፣ ሲደርቅ ቀለም። ከዚያ ከሸራው ቁራጭ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ቆርጦ ቀስቶቹን ማልበስ። ስፖንጅ አታልብሱ፤ ውኃ ይዞ ብረቱን ይበላዋል። በቀስቶቹ መካከል ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ጠንካራ የሻንጣ ማንገቻ ተወጥሮ ይታሰር። እሱ ከሌለ ሸራው በቀስቶቹ መካከል ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል፣ ውኃው ክብደት ሆኖ የባሰ ያጎደጉደዋል።

የሚወጠርበት ሰዓትም አለ፤ ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። ፒቪሲ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይደርቃል። ጠዋት በብርድ ጢም ብሎ የተወጠረው እኩለ ቀን ላይ ይረግባል። ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘርግታችሁ ሲሞቅ ወጥሩት፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠብቃል።

ስፌቱን ከውስጥ መድፈን የግድ ነው፤ ግን በምን? የጫማ ማስቲሽ ለጊዜው እንደ ጉድ ይይዛል። ፒቪሲን ለስላሳ የሚያደርገው ዘይት መሰል ነገር ግን ቀስ እያለ ወደ ማስቲሹ ይገባና ያላቁጠዋል፤ ከወራት በኋላ በጣት ይላጣል። ሲልከንም ፒቪሲ ላይ ሥር አይዝም፣ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ለፒቪሲ የተሠራ የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ፈልጉ፤ መስመሩን በአልኮል ጠርጋችሁ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዚያው ሸራ ጥብጣብ ከውስጥ ለጥፉበት። የተቀደደ ስትለጥፉም የልጥፉን ማዕዘን ክብ አድርጉት፤ ሹል ማዕዘን መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው።

ባለ ባጃጆችም ንጹሕ አይደላችሁም። በበረኪና ታጥባላችሁ፤ ጥጥ ያለበትን ክር ይበላዋል። «እንዲያብረቀርቅ» ብላችሁ ቤንዚን ትቀባላችሁ፤ ያን ለስላሳ የሚያደርገውን ነገር አውጥቶ ሸራውን ያደርቀዋል፣ ከዚያ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ለብ ያለ ውኃና ሳሙና፣ በቃ። የጎን መጋረጃውን እርጥብ እንዳለ ጠቅልላችሁ ከመቀመጫ ሥር አትወሽቁት፤ የሚያሳየው ፕላስቲክ የሚደበዝዘውና በብርድ ሲታጠፍ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ሌላው ደግሞ ይህን ሁሉ ሐምሌ ላይ ካላሠራሁ ማለት ነው። እርጥብ ብረት ላይ አንቲረስት አይይዝም፣ እርጥብ ሸራ ላይ ማጣበቂያ አይሠራም፣ የሚያሞቅ ፀሐይ የለም፣ ሰፊው ቤት ሰልፍ ነው። ግንቦት ላይ አሠሩ። ስትረከቡም ከመክፈላችሁ በፊት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ስፌቱ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱና አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በደረቅ ሶፍት መስመሩን እየዳሰሰ ይይ። ሶፍቱ ከረጠበ፣ «ሁለት ዝናብ ሲመታው ይጠብቃል» ቢላችሁም፣ ይፈታና እንደገና ይሰፋ።