ለእኔ ሁሉም አንድ ነው

ትናንት ማታ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ጮኸ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ የ6 ደቂቃ ድምፅ ልኳል። ሲጀምር «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ እናንተ የወሰናችሁት ይሁን» ይላል። የቀረው 5 ደቂቃ ከምናምን እኛ የወሰንነው ለምን እንደማያዋጣ ነው።

ነገሩ የክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር ነው። እኛ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፤ ባልቲሞር ወደብ አፍንጫችን ሥር ነው። የካርኒቫልም የሮያል ካሪቢያንም መርከቦች ከዚያ ይነሳሉ። አውሮፕላን የለ፣ ሻንጣ መመዘን የለ። ጋሼ ግን «ድልድዩ የወደቀበት አይደል እንዴ?» አለ። ጋሼ፣ በ2024 ድልድዩን የገጨው የጭነት መርከብ ነው! እኛ ደግሞ ድልድይ ላይ አናድርም። «እሺ እንግዲህ፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።»

ልጆቹ ማያሚ ሄደን አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ላይ ካልተሳፈርን ብለዋል። 20 ፎቅ ነው፤ ከ7 ሺህ በላይ መንገደኛ ይይዛል። አማቴ ቪዲዮውን አይተው «መርከብ ነው ወይስ ወረዳ?» አሉ። የዲዝኒን መርከብ ዋጋ ሳይ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

አማቴም «እኔን የትም ጣሉኝ» ብለው ነበር። ርካሹን የውስጥ ካቢን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን በጣታቸው እየገፉ ፈለጉ፣ ፈለጉ። «መስኮቱስ?»

በረንዳ ያለው ይሁን አልን። በዚያ ላይ ቲፑ አለ፤ እንደ ኩባንያው በቀን በነፍስ ወከፍ ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ። የ4 ዓመት ልጅም ይቆጠራል። መጠጡ ለብቻ፣ ዋይፋዩ ለብቻ። ይሄኔ ነው እናቴ የምትወዳት ተረት ትዝ ያለችኝ፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ጤፍ መበደር እንኳ ወግ አለው። እንጀራ አድርገህ በላኸው፣ ጎረቤትም አወቀልህ። እኛ ግን በክሬዲት ካርድ ተበድረን ውሃ ላይ ልንተኛ ነው።

ብድር ካልኩ አይቀር፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ኦሽን ሲቲ የባሕር ዳር ቤት ተከራይተን ነበር። በኔ ካርድ። ድርሻውን ያልሰጠኝ አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ የ6 ደቂቃ ድምፅ ይልካል። ሰፊውን ክፍል የያዘው እሱ፣ ሶፋ ላይ ያደርኩት እኔ። ያኔም «የትም ልተኛ፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ነበር። 140 ዶላር ትንሽ ነው ይባላል። ትንሽ ከሆነ ለምን አይከፍለውም?

ብቻ ይሁን። ዋናውን ጉዳይ ባለቤቴ ያነሳችው መጨረሻ ላይ ነው። ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመቸው ሳምንት ነሐሴ መጀመሪያ ነው። ፍልሰታ! ቀኑን ሙሉ የሚበላበት መርከብ ላይ እየጾምን ልንሳፈር? አማቴ «እኔ ሰላጣ እበላለሁ፣ ለእኔ አታስቡ» አሉ። ልጄ «ሎብስተር ጾም ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር አንድ ሰዓት አለቀ። መርከቡን ረሳነው።

ዛሬ ጠዋት ተናድጄ ግሩፑ ላይ ምርጫ ከፈትኩ፦ ባልቲሞር፣ ማያሚ፣ ዲዝኒ። ጋሼ ሦስቱንም መረጠ። ከሥሩ «ዲፖዚት በነፍስ ወከፍ ይላክልኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ከጻፍኩት ሦስት ሰዓት ሆነው። ሁሉም አይተውታል።